ስፖንሰር የሚያደርግ ቀጣሪ እስካገኝ፦ የ14 ወር ፍለጋዬ

ማመልከቻው ስም፣ ስልክና ሲቪ ይጠይቅና መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «እዚህ አገር ለመሥራት አሁን ወይም ወደፊት የቪዛ ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግዎታል?» ቀጣሪው የሥራ ቪዛ እንዲያወጣልዎት ይፈልጋሉ ወይ ማለት ነው። ምርጫው ሁለት ነው፤ አዎ ወይም አይ። ለሌላው አመልካች ይህ አንድ ሰከንድ የማይፈጅ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከ14 ወር ፍለጋዬ ውስጥ ስድስቱን ያባከንኩት ይህን ጥያቄ በትክክል ባለመረዳቴ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያን ያህል ጊዜ እንዳይባክንበት ነው።

ባክኤንድ ዴቨሎፐር ነኝ፣ ማለት ከድረ ገጽና ከመተግበሪያ ጀርባ ያለውን ፕሮግራም የምጽፍ፤ በጃቫና በፖስትግሬስ ስሠራ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። በ2024 መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ውጭ አገር ሥራ መፈለግ ስጀምር ችሎታዬ በቂ ከሆነ የቪዛው ነገር መፍትሔ አያጣም ብዬ አምን ነበር። በመጀመሪያዎቹ 5 ወራት 212 ቦታ አመለከትኩ። ሁሉንም በኤክሴል መዝግቤያለሁ። ከ212ቱ ለቃለ መጠይቅ የጠሩኝ 5 ናቸው። አንዳንዱ «አዎ» የሚለውን ተጭኜ በላክኩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «በሌሎች አመልካቾች ለመቀጠል ወስነናል» የሚል ኢሜይል ይልክልኛል፤ ያውም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሲቪዬን የሰው ዓይን እንዳላየው ያኔውኑ መረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን ጥፋቱ የሲቪዬ መስሎኝ እሱኑ ስጽፍና ስሰርዝ ከረምኩ።

አንድ ጊዜ «አይ» ብዬ ሞላሁ። ይህን መናገር ደስ አይልም፤ ግን «መጀመሪያ ይውደዱሽ፣ ቪዛውን በኋላ ታነሺዋለሽ» ብሎ የሚመክር ሰው ብዙ ስለሆነ እናገረዋለሁ። ሦስት ዙር አለፍኩ። ከአራተኛው ዙር በፊት ሪክሩተሯ ደወለችና ስለ ደመወዝ ስናወራ ቆይተን «መቼ መጀመር ትችያለሽ?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ዝም አለች። ከወዲያ በኩል የኪቦርድ ድምፅ ይሰማኛል፤ ማመልከቻዬን እየከፈተች ነበር። «እዚህ ላይ እኮ አያስፈልገኝም ብለሻል» አለች። በድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ያዘነች ነው የመሰለኝ። የቡድኑ ኃላፊ ወዶኝ እንደነበር፣ አሁን ግን ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ሰው ማስቀጠል እንደማትችል ነገረችኝ። በኋላ ሳጣራ ያ ድርጅት የውጭ ዜጋ የማስመጣት ፈቃድ ነበረው። «አዎ» ብል ኖሮ ምንም የሚከለክላቸው ነገር አልነበረም። ያን ሳውቅ ሁለት ቀን ኮምፒውተር አልከፈትኩም።

መንገዱን ያስያዘችኝ ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድማ የሄደች የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነች። የኤክሴል መዝገቤን ላክኩላትና አይታ ደወለችልኝ። «የምትወጂውን ድርጅት መፈለግሽን ተዪ» አለችኝ። «መጀመሪያ ሕጉ ማን እንዲያስመጣሽ እንደሚፈቅድ እወቂ። ለሌላው አታመልክቺ፣ አቅምሽን ነው የሚጨርሱት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የማላውቀው ነገር ይህ ነበር፦ እንግሊዝንና ኔዘርላንድስን በመሳሰሉ አገሮች ባለሙያ ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት ራሱ ቀድሞ ከመንግሥት ፈቃድ ወይም እውቅና መያዝ አለበት፤ የእነዚህ ድርጅቶች ዝርዝርም ለማንም ክፍት ነው። እንግሊዝ ፈቃድ ያላቸውን ስፖንሰሮች መዝገብ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ታወጣለች። ፋይሉ በነጻ ይወርዳል፤ ከመቶ ሺህ በላይ ስም አለበት። ከስሙ ቀጥሎ ከተማው፣ የፈቃዱ ደረጃ፣ በመጨረሻም በየትኛው የቪዛ ዓይነት ሰው ማስመጣት እንደሚችል ይታያል። ያንን የመጨረሻ ዓምድ ሳያዩ ማለፍ አይገባም፤ ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው «ስኪልድ ወርከር» የሚለው ሲሆን ለጊዜያዊ ሠራተኛ ብቻ ፈቃድ ያላቸውም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። በኔዘርላንድስ ደግሞ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አይኤንዲ እውቅና የሰጣቸውን ስፖንሰሮች ስም ያወጣል።

መዝገቡን ስከፍት የገጠመኝ ችግር ስሙ ነው። ድርጅቱ በገበያ የሚታወቅበት ስምና በመዝገቡ የሰፈረው ሕጋዊ ስም ብዙ ጊዜ አይገናኙም። አንድ የማውቀውን ድርጅት ፈልጌ «የለም» ብዬ ተውኩት፤ ለካ የተመዘገበው ፈጽሞ በሌላ ስም ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በድርጅቱ ድረ ገጽ ግርጌ ያለውን የግላዊነት ፖሊሲ ወይም የአጠቃቀም ውል ክፈቱ፤ ሕጋዊ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አለ። እሱን ወስዳችሁ መዝገቡ ላይ ፈልጉ። በዚህ መንገድ በሦስት ሳምንት ውስጥ 64 ድርጅቶች ያሉበት የራሴን ዝርዝር አዘጋጀሁ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድም ማመልከቻ አልላክኩም፤ ከ14ቱ ወራት በጣም የጠቀመኝ ጊዜ ግን እሱ ነው።

አገር ስመርጥም እንዲሁ ከሕጉ ተነሳሁ። አሜሪካን ቶሎ ተውኩት። ኤች ዋን ቢ የሚባለው የባለሙያዎች የሥራ ቪዛ በዓመት 85,000 ኮታ ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ ውስጥ 20,000ው እዚያው አገር ማስተርስ ወይም ከዚያ በላይ ለተማሩ የተያዘ ነው። ምዝገባው በማርች ነው፣ ማን እንደሚያልፍ የሚለየው በዕጣ ነው፣ ሥራ የሚጀመረው ኦክቶበር 1 ነው። ዕጣ ይውጣልኝ አይውጣልኝ ሳያውቅ ያን ሁሉ ወር የሚጠብቀኝ ቀጣሪ አላገኝም ብዬ ነው የተውኩት። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው አዲስ ማመልከቻ የሚያስገባ ቀጣሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል ታዝዟል።

በእንግሊዝ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል እኔ በምፈልግበት ጊዜ 38,700 ፓውንድ ነበር፤ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ 41,700 ሆኗል። ለየሙያው የተቀመጠ ሌላ ልክ ስላለ ከሁለቱ የሚበልጠውን ማሟላት ግድ ነው። አመልካቹ የጤና ክፍያም አለበት፤ በዓመት 1,035 ፓውንድ ሆኖ የሁሉም ዓመት በአንድ ጊዜ ቀድሞ ይከፈላል፤ ለሦስት ዓመት ቪዛ 3,105 ፓውንድ ማለት ነው። ይህን የሚሸፍኑ ቀጣሪዎች አሉ፤ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም።

ጀርመን ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም እዚያ ያጣሁት ሥራ አሁንም ይቆጨኛል። በ2024 መጨረሻ ላይ አንድ መካከለኛ ድርጅት ሁሉንም ዙር አሳልፎኝ ወደ ውል ሊገባ ነበር። መንገዱ ብሉ ካርድ የሚባለው የባለሙያዎች የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለብሉ ካርድ ዲግሪህ በጀርመን እውቅና ያለው መሆን አለበት፤ ይህም አናቢን በሚባለው የመረጃ ቋት ይታያል። ዩኒቨርሲቲዬ ቋቱ ውስጥ አለ፣ የተመረቅኩበት የዲግሪ ዓይነት ግን የለም። እንዲህ ሲሆን ዜድ ኤ ቢ ከሚባለው መሥሪያ ቤት የአቻ ግመታ ወረቀት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ክፍያው 208 ዩሮ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። እነሱ ሰው የሚፈልጉት በጃንዋሪ ስለነበር ይቅርታ ጠይቀው ሌላ ሰው ወሰዱ። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የአይቲ ባለሙያ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት በተመጣጣኝ ደረጃ ከሠራና የደመወዝ ወለሉን ካሟላ ያለ ዲግሪም ብሉ ካርድ እንዲያገኝ ሕጉ ተሻሽሎ ነበር። እኔ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የልምድ ማስረጃዬ በእጄ ነበር። እኔም አላውቅም፣ እነሱም አያውቁም፤ እኔ ያወቅኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ለራሴ ወሰንኩ፦ ስለ ቪዛው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በስልኩ በወዲያኛው ጫፍ አለ ብዬ አልገምትም። ሪክሩተር ሥራው ሰው መፈለግ ነው፤ ኢሚግሬሽን አይደለም። ብዙዎቹ «ስፖንሰር አናደርግም» የሚሉት ፈልገው ሳይሆን ከባድ፣ ረጅምና ውድ ስለሚመስላቸው ነው። ሸክሙ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ስትነግሯቸው የሚለወጡ አሉ።

ስለዚህ ሲቪዬ አናት ላይ፣ ከስሜ ስር፣ ይህን አስገባሁ፦ «በኔዘርላንድስ ለመሥራት የከፍተኛ ባለሙያ ፈቃድ ያስፈልገኛል። ድርጅታችሁ በአይኤንዲ እውቅና ያለው ስፖንሰር ነው፤ እንዲህ ላለ ማመልከቻ አይኤንዲ በሁለት ሳምንት መልስ ለመስጠት ይሠራል። ውል ከተፈረመ በስምንት ሳምንት ውስጥ መጀመር እችላለሁ።» በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ላይም እስኪጠይቁኝ አልጠብቅም፤ ራሴን ካስተዋወቅኩ በኋላ ይኸንኑ እላለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራው እገባለሁ። ድምፄም ተለወጠ። ድሮ ይህን ርዕስ ሳነሳ ይቅርታ የምጠይቅ ነበር የሚመስለው።

ኔዘርላንድስን የመረጥኩት ለዚህ ፈቃድ ዲግሪ ስለማይጠየቅ ነው፤ የሚታየው ቀጣሪው እውቅና ያለው መሆኑና ደመወዙ ነው። በጀርመን ከደረሰብኝ በኋላ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ለ38 ድርጅት አመለከትኩ፤ 11ዱ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። ከ212 አምስት፣ ከ38 አሥራ አንድ። ሲቪው ያው ሲቪ ነው፤ የተለወጠው የምልክላቸው ሰዎችና ያቺ አንቀጽ ናቸው።

ስለ ቃለ መጠይቁ ብዙ የምለው የለኝም፤ የኮዲንግ ፈተናው የትም አንድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ችግሩን ዝም ብዬ ፈትቼ መጨረሻ ላይ ማስረዳት ልማዴ ነበር፤ በዚህ ሁለት ቦታ ወደቅኩ። እያሰባችሁ ተናገሩ። «መጀመሪያ በቀላሉ መንገድ ልሥራው፣ ከዚያ ፍጥነቱን አያለሁ» ማለት ብቻ እንኳ ፈታኙን ከጎናችሁ ያቆመዋል።

በዚህ መሃል አንድ ሰው በቴሌግራም ጻፈልኝ። የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬት (ፈቃድ ያለው ቀጣሪ ለሠራተኛው ቪዛ የሚሰጠው ማስረጃ) አለ፣ ድርጅቱ እንግሊዝ ነው፣ ግማሹን አሁን ግማሹን ቪዛው ሲመታ ትከፍያለሽ አለኝ። የላከው የሥራ ውል ማኅተምና ፊርማ ያለው፣ የሚያምር ወረቀት ነው። ያመለጥኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም፤ መዝገቡ ኮምፒውተሬ ላይ ክፍት ስለነበረ ነው። የድርጅቱን ስም ፈለግኩ፣ አለ። ደነገጥኩ። ከዚያ የድርጅቱን ድረ ገጽ ራሴ ከፍቼ እዚያ ባለው ስልክ ደወልኩ፤ እንዲህ ዓይነት መደብም ሰውየውንም አያውቁም። ስሙን ነው የሰረቀው። በእንግሊዝ ሕግ ቀጣሪው ለሰርተፍኬቱና «ኢሚግሬሽን ስኪልስ ቻርጅ» ለሚባለው የቀጣሪ ክፍያ የሚያወጣውን ወጪ በሠራተኛው ላይ ማዞር አይችልም። ስለዚህ ለሰርተፍኬቱ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከመዝገቡ የምትወስዱት ስሙን ብቻ ነው፤ አድራሻውን ግን ራሳችሁ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ፈልጉ እንጂ መልእክት ከላከላችሁ ሰው አትቀበሉ።

በኤፕሪል 2025 ኦፈር መጣ። በዓመት 54,000 ዩሮ፣ ባክኤንድ ኢንጂነር። አልቅሼ ለቤተሰቤ ደወልኩ። ማታ ወረቀቱን ደግሜ ሳነበው ከቁጥሩ ስር በትንሽ ፊደል «የዕረፍት አበልን ጨምሮ» ይላል። በኔዘርላንድስ ከደመወዝ ላይ ቢያንስ 8 በመቶ የዕረፍት አበል አለ፤ አይኤንዲ የደመወዝ ወለሉን ሲቆጥር ይህን አበል አያስገባም። የ2025 ወለል ከ30 ዓመት በታች ለሆነ 4,171 ዩሮ በወር ነበር፤ 30 ለሞላውና ከዚያ በላይ 5,688 ዩሮ። እኔ 29 ዓመቴ ነው። ካልኩሌተር ከፈትኩ። 54,000 ለ12 ሲካፈል 4,500። 8 በመቶው ሲወጣለት፣ ማለት ለ1.08 ሲካፈል፣ 4,166 ከ67 ሳንቲም።

በወር አራት ዩሮ ከምናምን ያንሳል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ኦፈሩን ካገኘሁ ሰዓታት ሳይሞላኝ «ጨምሩልኝ» ብል ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ጠዋት ለሰው ኃይል ክፍሏ ባለሙያ ስሌቱን በአራት መስመር ጻፍኩላት፤ ከአይኤንዲ ገጽ ላይ ወለሉ የተጻፈበትን ቦታ አያያዝኩ፤ ጭማሪ እየጠየቅኩ ሳይሆን ማመልከቻው እንዳይወድቅ እንደሆነም ገለጽኩ። ከሰዓት በኋላ ደወለች። ከዚያ በፊት ከውጭ ያስመጡት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ዕድሜውም ደመወዙም ከፍ ያለ ስለነበር ይህ ጥያቄ ተነስቶ አያውቅም። «ባትነግሪን እንዲሁ ነበር የምናስገባው» አለችኝ። ውሉ 54,600 ሆኖ ተስተካከለ፤ በወር 4,212 ዩሮ ያህል፣ ከአበሉ ውጭ።

ሁለተኛው ነገር ልደቴ ነው። በጁን መጨረሻ 30 ይሞላኛል። ማመልከቻው ከዚያ ቀን በኋላ ቢገባ የሚለካኝ በ5,688 ነው፤ ሥራው አከተመ ማለት ነው። ይህንንም በዚያው ጥሪ ላይ ነገርኳት። ቀኑን ካላንደሯ ላይ ስትጽፈው ሰማሁ። ማመልከቻው በሜይ አጋማሽ ገባ።

ወረቀት አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እኔን ያስጨነቀኝ የልደት ሰርተፍኬት ነው፤ ለቪዛው ሳይሆን ከደረስኩ በኋላ ማዘጋጃ ቤት ለመመዝገብ። ሰርተፍኬቱ ተረጋግጦና ማዘጋጃ ቤቱ በሚቀበለው ቋንቋ በሕጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ መቅረብ አለበት። ይህ በየቢሮው የሚያዞር ሥራ ስለሆነ ኦፈር ሳይመጣ፣ ፍለጋ በጀመራችሁበት ሰሞን ጀምሩት። ለጀርመን የምታስቡ ደግሞ የአቻ ግመታውን ዛሬ አመልክቱ። ፓስፖርታችሁ የሚያበቃበትን ቀንም እዩ። ያላችሁን ሥራ ደግሞ ፈቃዱ ጸድቆ በእጃችሁ እስኪገባ አትልቀቁ፤ ኦፈር ቪዛ አይደለም።

ውሉ ውስጥ ሌላ ያስተዋልኩት አንቀጽ ነበር። የአውሮፕላን ትኬቱንና የመጀመሪያውን ወር ማረፊያ ይከፍሉና በሁለት ዓመት ውስጥ ከለቀቅኩ ሙሉውን እንድመልስ ይላል። በ23ኛው ወር ብለቅ እንኳ ሙሉውን። በየወሩ እየቀነሰ እንዲሄድ ጠየቅኩ፤ ያለ ክርክር ተቀበሉ። እነሱ በራሳቸው ውሳኔ ካሰናበቱኝ አልመልስም የሚለውንም አስጨመርኩ። ይህን ሁለተኛውን ያስተማረችኝ ያቺ ባልደረባዬ ነች።

ስለ ታክስ ቅናሹም ልናገር፤ ብዙ ሰው ኦፈሩን ሲመዝን በእሱ ይሳሳታል። ከውጭ ለተቀጠረ ባለሙያ ከደመወዙ እስከ 30 በመቶ ታክስ የማይከፈልበት ሥርዓት በኔዘርላንድስ አለ፤ ከ2027 ጀምሮ 27 በመቶ ይሆናል። እኔ ሙሉውን 30 አገኛለሁ ብዬ ሒሳቤን ሠርቼ ነበር። ግን ታክስ የሚከፈልበት ክፍል ከተቀመጠው ወለል መውረድ የለበትም፤ ወለሉ በ2025 ለአብዛኛው ሰው 46,660 ዩሮ ነበር። ስለዚህ ከ54,600 ላይ ነጻ የሚሆንልኝ በዓመት 7,940 ብቻ ነው። ማመልከቻውም ሥራ በጀመራችሁ በአራት ወር ውስጥ ካልገባ ወደ ኋላ ተመልሶ አይታሰብም። ቤት ኪራይ ከመፈራረማችሁ በፊት ይህን አስሉ።

የአይኤንዲ መልስ በ12ኛው ቀን መጣ። ኤምባሲ ሄጄ አሻራ ሰጠሁ፣ የመግቢያ ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ ተለጠፈ። የምገባበት ጊዜ 90 ቀን ነበር፤ እኔ በ19ኛው ቀን ገባሁ።

ሥራ ከጀመርኩ በኋላም ሕጉን ማንበብ አላቆምኩም። ሥራ ካጣሁ ሌላ እውቅና ያለው ስፖንሰር ለማግኘት ያለኝ ጊዜ ቢበዛ ሦስት ወር ነው፤ በአሜሪካ ለኤች ዋን ቢ 60 ቀን ነው። ስለዚህ ያ 64 ድርጅት ያለበት ዝርዝር ዛሬም አለኝ፣ በየጊዜው አድሰዋለሁ። 30 ስለሞላኝ ቀጣሪ ብቀይር የሚለካኝ በከፍተኛው ወለል መሆኑንም አውቄ ነው የምኖረው።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ሲቪውን ላከልኝና እንዳርምለት ጠየቀኝ። መጀመሪያ የጠየቅኩት የልደት ቀኑን ነው። 29 ዓመት ከ4 ወር። ሲቪውን አቆይተን በቪዲዮ ጥሪ መዝገቡን ከፈትንና እስከ እኩለ ሌሊት ስንፈልግ ለእሱ ሥራ የሚሆኑ 31 ስሞች አገኘን። እስካሁን ለዘጠኙ ልኳል፤ ሁለቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ሰጥተውታል።